«አላውቅም» የማትለው ሚንካ

ሚንካ በሕይወቷ «አላውቅም» ብላ አታውቅም። መንገድ የጠፋበት ሹፌር መኪናውን አቁሞ፣ ስሙን እንኳን ሰምታው ስለማታውቀው መንደር ቢጠይቃት፣ ሳታመነታ በእጇ ትጠቁመዋለች። ሰውየው ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ በዚያው መንገድ ሲመለስ ደግሞ፣ «በጣም ነድተህ ነው ያለፍከው» ብላ ትቆጣዋለች።

እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አይታጣም። ሚንካን ለየት የሚያደርጋት፣ መንገድን ትተን የሰው ነገር ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ በእርግጥም ማወቋ ነው። በእኛ መንደር በስላቲን ዶል የማንን አያት ማን አጭቷት ማን እንዳገባት፣ የማን ልጅ የማንን አፍንጫ ይዞ እንደተወለደ፣ ለምንስ እንደሆነ፣ ከእሷ የተሰወረ የለም።

ይህን ሁሉ የተማረችው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመንደሩ ሴቶች ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሁለት መስታወት፣ አንድ ቅርጫት ቢጎዲን፣ እንደ ወፍጮ የሚጮህ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፤ በቃ። የእውቀቷ ሁሉ ምንጭ ካስኩ ነው። ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተች ሴት የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ፣ የምታንሾካሹክ እየመሰላት በሙሉ ጉሮሮዋ ትናገራለች። «ለማንም እንዳትነግሪ!» ብላ ስትጮህ፣ ውጪ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ «እሺ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ሌላው እውቀቷ የጆሮ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለሚንካ ግን የሥጋ ዘመዷ ነበር። «ፊት ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይኳላል፤ ጥርስ ሲረግፍማ ጭራሽ ሌላ ሰው ይሆናል» ትላለች። «ጆሮ ግን እናትህ ስትወልድህ ያጠፈችው እጥፋት እንዳለ ሆኖ አብሮህ ይቀበራል።» የስንቱን ፀጉር ከጆሮው ላይ እየገለጠች ስትቆርጥ ስለኖረች፣ አንድ ጉብል ከጀርባ አይታ «የእገሌ የልጅ ልጅ አይደለህም?» ብላ የምታስደነግጠው በዚህ ነው። የእገሌ የልጅ ልጅ ላለመሆን የሚፈልግ ሰው ፀጉሩን ማሳደግ ነበረበት።

ፎቶዎቹን መሰብሰብ የጀመረችው ሱቋን ከዘጋች በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ልጆቹ ከከተማ ይመጣሉ፤ ቀብረው፣ በልተው፣ ቤቱን ያጸዳሉ። ፍራሹ፣ የተሰበረው ሬዲዮ፣ የአያቶቹ ፎቶ፣ ሁሉም አብሮ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይጣላል። ሚንካ በጠራራ ፀሐይ ገንዳው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ፎቶዎቹን ትለቅማለች። አልጋዋ ስር ሁለት ሻንጣ ሙሉ አላት። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጽፋለች። ጥያቄ ምልክት ያለበት አንድም የለም።

ከዚያ ያ ፎቶ የጣለው ትውልድ የዘር ሐረግ መቁጠር ጀመረ። አሁን በየሰንበቱ ከሶፊያ፣ ከቫርና፣ ሌላም ከማናውቀው አገር ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሚንካ ከቬስካ ሱቅ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ማጉያ መነጽሯን ታወጣለች። «ይሄ ቅድመ አያቴ ነው» ብሎ አንዱ ባለ ሱፍ ኮት ሰውዬ ያሳያታል። «እሱ ክርስትና አባቱ ነው» ትለዋለች። «ቅድመ አያትህ እዚያ ጥግ ላይ በቅሎዋን የያዘው ነው። ይሄውልህ ጆሮው፤ ይሄውልህ ያንተ።» ሰውየው ጆሮውን እየነካካ ይሄዳል። ለምስጋና ቸኮሌት ያመጡላታል። ሚንካ ስኳር ስላለባት ቸኮሌቱን የምንበላው አግዳሚው ላይ ያለነው ነን። የዘር ሐረግ ጥናትን አጥብቄ የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፋሲካ ነው። የዲምቾ ልጅ ራሊትሳ ከፕሎቭዲቭ መጣች። ዲምቾ ጡረታ የወጣ የትራክተር ነጂ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልቡን ስለሚያመው ኪሱ ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጥ ሲንኳኳ ይሰማል። ራሊትሳ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በኮምፒዩተር ሠርታ፣ በትልቅ ወረቀት አሳትማ፣ የፋሲካ እንቁላሉን ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከእያንዳንዱ ስም በላይ ክብ አለ፤ ክቡ ውስጥ ፎቶ። አንደኛው ክብ ውስጥ ግን ዓይንም አፍንጫም የሌለው ግራጫ ራስ ብቻ።

«ይቺ ማን ናት?» አለ ዲምቾ።

«አያቴ ናት አባዬ። እናትህ ዮርዳና።»

«ራሷ ዱባ ነው እንዴ?»

«ፎቶ ከሌለ ኮምፒዩተሩ እንዲህ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው።»

«የኔን ትራክተር ፎቶ አግኝተሻል። እናቴን ዱባ አደረግሻት።»

ራሊትሳ ምን ታድርግ? ዮርዳና የሞተችው ዲምቾ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአንድ ክፉ ክረምት፣ በሳንባ ምች ነው። አባቱ ዓመት ሳይሞላ ሌላ አገባ። እንጀራ እናቱ የዮርዳናን ፎቶዎች አንድ ሳታስቀር ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ገሚሱ ሰው በቅናት ነው ይላል፤ ገሚሱ እንጨት አልቆ ነው ይላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እሷም ከሞተች ቆየች፤ የምትጠየቅ የለችም።

ዲምቾ በሳምንቱ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሚንካ ጋ መጣ። አግዳሚው ላይ እኔም ነበርኩ።

«ሚንካ፣ ሐኪሙ ሥራህን በጊዜ ጨርስ ብሎኛል» አላት።

«ሐኪም ለሁሉም ሰው ነው እንዲህ የሚለው።»

«ለእናቴ ድንጋይ አዝዣለሁ። ዕድሜ ልኳን በእንጨት መስቀል ኖረች። ድንጋዩ ላይ ፊቷ እንዲወጣ እፈልጋለሁ።»

እኛ ዘንድ ፊት የሌለው መቃብር ቁጥር እንደሌለው ቤት ነው። የሟቹ ፎቶ በነጭ ሸክላ ላይ ታትሞ፣ በእሳት ተተኩሶ፣ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። መቶ ዓመት ዝናብ ቢመታው አይለቅም።

«እኔም እዚያው አጠገቧ ነው የምገባው» አለ ዲምቾ ባርኔጣውን እያሽከረከረ። «እዚያ ስደርስ በምን እለያታለሁ? በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። ባቡር ጣቢያ ላይ ሰው እንደጠፋበት ገበሬ ስገላመጥ ልኑር?»

ይህን ሲል ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳን ቸኮሌቱን አፌ ውስጥ አቆምኩት።

«እፈልግልሃለሁ» አለች ሚንካ። «ካንተ የሚጠበቅ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ እሷ የሰማኸውን ሁሉ ንገረኝ።»

የሰማው ብዙ አይደለም። የእናቱ እናት በልጅነቱ ትነግረው ነበር፤ ዮርዳና ሳቂታ እንደነበረች፣ ከጥሎሿ ጋር የመጣ የብር የቀበቶ ዘለበት እንደነበራት፣ ሁለት ቅጠል እርስ በርስ የተያያዙ የሚመስል፣ የአንደኛው ቅጠል ጫፍ የተሰበረ። ዘለበቱ የት እንደገባ አያውቅም።

ሚንካ ሁለቱን ሻንጣ አልጋው ላይ ገለበጠች። የዚያን ዘመን ሴት ሁሉ ሻሽ አስራለች፤ ጆሮ የሚባል ነገር አይታይም። ስለዚህ ወገብ ወገባቸውን ነበር የምታየው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወገብ ስታይ ሰነበተች። ቅዳሜ ዕለት ከቤቷ እየሮጠች ወጣች፤ በሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ስትሮጥ ያየናት ያኔ ብቻ ነው።

የያዘችው የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሰርግ ፎቶ ነው። ጉድጓዱ አጠገብ ሴቶች ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት፣ እጅጌ የሌለው ጥቁር የሱፍ ቀሚስ፣ ነጭ ሻሽ፣ ወገቧ ላይ ባለ ሁለት ቅጠል ዘለበት። በማጉያ መነጽር ሲታይ የግራው ቅጠል ጫፍ የለም። ጀርባው ላይ ሚንካ ራሷ የጻፈችውን ሌላ ስም ሰርዛ «ዮርዳና» ብላበታለች።

«ይቺ ናት!» አለች ሚንካ።

ዲምቾ ፎቶውን ተቀብሎ ዓይኑ አጠገብ አደረገው፣ ራቅ አደረገው፣ መልሶ አቀረበው። «ከኔ ታንሳለች» አለ። ከሱቁ ጀርባ ሄዶ ቆየ፤ ሲመለስ አፍንጫው ቀልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የራሊትሳ ነው። ፊቱን አጉልታ፣ ጭረቱን አጽድታ፣ ዱባው የነበረበት ክብ ውስጥ ከተተችው። አንድ ቅጂ ከተማ ላለው ድንጋይ ጠራቢ ለማሪን ተላከ። ዲምቾ ግን ድንጋዩ እስኪያልቅ መታገሥ አልቻለም፤ የመርዶ ወረቀት አሳተመ። መቼም በእኛ አገር ሰው ሞቶ አይለቅም። በሞተ ቀን ፎቶው በየምሰሶው ይለጠፋል፤ በአርባው ይለጠፋል፤ በሙት ዓመቱ፣ በአምስተኛው፣ በሃያኛው ይለጠፋል። አንዳንድ አጥር የሚቆመው በእንጨቱ ሳይሆን በወረቀቱ ነው። ዮርዳና ብቻ ነበረች አንድም ቀን ተለጥፋ የማታውቅ። ዲምቾ ራሱ ሙጫውን በባልዲ ይዞ በየምሰሶው፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በቬስካ ሱቅ በር ላይ ለጠፋት፤ «ሰባ ሁለት ዓመት ያለ ውድ እናታችን ዮርዳና» ይላል። ሰው እያቆመው «እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች» ሲለው፣ እንደ ሙሽራ አባት ይሽኮረመም ነበር።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

እማማ ፔና ላይኛው ሰፈር ነው የሚኖሩት። ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዳቦ የሚያመጣላቸው አማቻቸው ነው። ያን ቅዳሜ ግን ከአማቻቸው ጋር ተኳርፈው በዘንጋቸው ቀስ እያሉ ራሳቸው ወረዱ። የሱቁ በር ላይ ደርሰው ወረቀቱ ፊት ቆሙ። በቅርቡ ሞራ የተገፈፈላቸውን አንድ ዓይናቸውን ወረቀቱ ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸውም። የሚጸልዩ መስሎን ነበር።

«ይቺ እኔ ነኝ» አሉ።

ቬስካ ከውስጥ ብቅ አለች። «እማማ ፔና፣ ወረቀቱ የዮርዳና ነው። የዲምቾ እናት።»

«ስሙ የዮርዳና ነው። ፊቱ የኔ ነው። ሞቻለሁ እንዴ? ከሞትኩ ዳቦ ምን ያደርግልኛል?»

«ኧረ እግዜር ይጠብቅዎ! ያ ዘመን ሁሉም ሴት ይመሳሰል ነበር እኮ።»

«እናንተ ናችሁ የምትመሳሰሉት። ይሄ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሰርግ ነው። የእህቴን ጫማ ተውሼ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ነው የዋለው። እስቲ ፊቴን እዩት፤ ይሄ የሟች ፊት ነው ወይስ ጫማ የጠበባት ሴት ፊት?»

ሁላችንም ተጠግተን አየን። ያ ሁለት ሳምንት «እንዴት ያለ ሐዘን የሞላበት ዓይን» ስንልለት የነበረው ፊት፣ አንዴ ከተነገረን በኋላ፣ ጫማ የጠበባት ሴት ፊት እንጂ ሌላ አልሆን አለን።

ሚንካ ከቤቷ ተጠርታ የሰርጉን ፎቶ ይዛ መጣች። «እማማ ፔና፣ ተሳስተው ነው» አለች ገና ከሩቅ። «ዘለበቱን ይዩት። የዮርዳና ዘለበት ነው። ጫፉ ተሰብሯል።»

«የዮርዳና ነዋ! እኔ ምን አልኩ? ለአርባዋ ማንን ያለበሱ ይመስልሻል?»

ሚንካ ፎቶውን ዓይኗ አጠገብ አደረገችው።

«እኩያዋ እኔ ነበርኩ» አሉ እማማ ፔና። «እናቷ ጠራችኝ። ቀሚሷን፣ ሻሿን፣ ዘለበቷን አለበሰችኝ። ‹ልበሺ ዮርዳና፣ አይብረድሽ› አለችኝ። ከንፍሮውም በስሟ በላሁላት። ከዚያ በኋላ በየሰርጉ፣ በየበዓሉ ለበስኩላት፤ አደራ ነው። አንቺ የማን ዘለበት ነው ብለሽ ፈለግሽ እንጂ፣ ማን ለብሶት ነው ብለሽ መቼ ጠየቅሽ?»

በእርግጥ ልማዱ ለሁላችንም አዲስ ነገር አልነበረም። ሰው ሲሞት የእሱን እኩያ በእሱ ስም ማልበስ፣ ሟቹ ወዲያ ራቁቱን እንዳይሄድ፣ አያቶቻችን የሚያደርጉት ነው። ሚንካ፣ ዮርዳና በክረምት እንደሞተች ታውቃለች፤ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሰርግ ከዚያ በኋላ፣ በመከር እንደነበረም ታውቃለች። ሁለቱን አስተያይታ አታውቅም እንጂ። ዘለበቱን ስታገኝ ዓይኗ ከዘለበቱ ወደ ላይ አልወጣም።

መጀመሪያ ያደረገችው የቬስካን ስልክ መንጠቅ ነው።

«ማሪን! ምድጃውን አጥፋ!»

«ማን ልበል?»

«የስላቲን ዶል ሚንካ ነኝ። የዮርዳናን ፊት ተኩሰሃል?»

«ሰኞ ነው የምተኩሰው።»

«እንዳትተኩስ! ሴትዮዋ በሕይወት አለች!»

ማሪን በድንጋይ ጠራቢነት በኖረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ዜና ሰምቶ እንደማያውቅ በኋላ ነግሮናል።

ሁለተኛው፣ ለዲምቾ መንገሩ፣ ከባድ ነበር። ዲምቾ ጓሮው ውስጥ በርበሬውን ውሃ እያጠጣ ነው። በሩ ላይ ወረቀቱ አለ። ሚንካ አጥሩን ተደግፋ ነገረችው፤ ሳታሳምር፣ ሳታስረዝም። እኔ ተከትያት ሄጄ ነበር። ለማጽናናት ነው፤ እሺ፣ ለመስማትም።

ዲምቾ ውሃውን ዘጋ። «ስለዚህ ይህን ሁሉ ቀን ያለቀስኩት ለእማማ ፔና ነው?»

«አዎ።»

«ደህና ናቸው?»

«ዳቦ ገዝተው ወጡ።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ ከበሩ ላይ ላጠው፤ አራት ላይ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሚንካ እዚያው ቆማ ቀረች። ከዚያ እማማ ፔና ከመሄዳቸው በፊት ያሏትን ነገረችው። ዮርዳና ሳትሞት በፊት በነበረው ዓመት፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ከሎቬች ከተማ የመጣ ፎቶ አንሺ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ የመንደሩን ወጣት ሴቶች ድልድዩ ላይ አንስቷቸው ነበር። ዮርዳና አለችበት። ፎቶው ደግሞ ሚንካ ሻንጣ ውስጥ አለ።

በሰንበት እማማ ፔና ግቢ፣ ወይኑ ሐረግ ስር ተሰበሰብን። ራሊትሳ ከፕሎቭዲቭ መጥታለች። ዲምቾ ንጹህ ሸሚዙን ለብሷል። ድልድዩ ላይ አሥራ ሁለት ሴቶች፣ አሥራ ሁለት ሻሽ፤ እጃቸውን ሁሉም ሽርጣቸው ስር ከተዋል። ሚንካ ፎቶውን ገልብጣ ከዓመታት በፊት በእርሳስ የጻፈቻቸውን ስሞች ማንበብ ጀመረች።

«ከግራ፣ ጾና።»

«ጾና?» አሉ እማማ ፔና። «ጾና ያን ዕለት ምጥ ላይ ነበረች። ጩኸቷ ድልድዩ ድረስ ይሰማ ነበር።»

«ሁለተኛዋ ኩና።»

«ኩና እስከ ብብቴ ነበረች። ይቺ ምሰሶ የምታክለው?»

«ስምንተኛዋ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ መሀል ላይ ያለሁት ነኝ፤ ያቺ ፊቷ የተድበሰበሰው።»

ሚንካ እሷን ሩሳ ብላ ጽፋታለች። ማንበቧን አቆመች። የእኛም ዓይን ወደ ጫማችን ወረደ። አሥራ ሁለት ስም በእርግጠኝነት ተጽፏል፤ ዮርዳና የሚል አንድም የለም።

«ፊትዎ ለምን ተድበሰበሰ?» አለች ራሊትሳ።

«ሳቅሁ። ሰውየው አትሳቁ ሲል ዮርዳና ጎኔን ቆነጠጠችኝ። ክፉ ነበረች!» እማማ ፔና አሁንም ሳቁ። ዲምቾ ሰውነቱ ሁሉ ወደ ፊት ተስቦ ነበር።

«ስለዚህ አጠገብዎ ናት!» አለ። «በየት በኩል ነው የቆነጠጠችዎ?»

እማማ ፔና እጃቸውን ወደ ግራ ጎናቸው ላኩ። ቆም አሉ። ወደ ቀኝ ጎናቸው ላኩ። «በዚህ ይመስለኛል። ፎቶ ላይ ሲሆን ግን ይገለበጣል አይደል?»

«አይገለበጥም። እኛ ፊት ለፊት ስለምናይ ነው እንጂ» አለች ራሊትሳ።

«ያው መገልበጥ ነው። ልጄ፣ የሰባ ምናምን ዓመት ቁንጥጫ ነው። ያ ጎን ራሱ አሁን የለም።»

ማጉያ መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፊቷ ከተድበሰበሰችው በግራ ያለችው የዲምቾን ቅንድብ የመሰለ ቅንድብ አላት። በቀኟ ያለችው አገጯ አገጩን ይመስላል። ራሊትሳ ስልኳ ላይ ፊት ከፊት የሚያነጻጽር ነገር ነበራት፤ እሱ ደግሞ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው አለ። እማማ ፔና አንድ ዓይናቸው እንባ አውጥቶ ደከማቸው።

ያኔ ዲምቾ ፎቶውን ሚንካ ፊት አኖረው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው።

«አንቺ ምረጪ። ጣትሽን አንዷ ላይ አድርጊ፤ አምንሻለሁ። ማሪን እየጠበቀ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የለኝም። የሚጠይቅሽ የለም፤ የሚያውቅም አልቀረም።»

እውነቱን ነው፤ የሚያውቅ አልቀረም። እኔ በልቤ «ግራውን በይና ገላግይን» እያልኩ ነበር። ማን ይጎዳል? ሚንካ ጎንበስ ብላ በግራ ያለችውን አየች። በቀኝ ያለችውን አየች። ጣቷ ተነሳ። ሻሾቹን በጥፍሯ ወደ ኋላ ገፍታ ጆሮ ልታወጣ የምትችል ይመስል ወረቀቱን ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ከዚያ ጣቷን ሰበሰበች።

«አላውቅም» አለች።



«ምን አለች?» አሉ እማማ ፔና።

«አላውቅም አለች» አልኳቸው።

«ማን? ሚንካ?» እማማ ፔና አማተቡ።

ዲምቾ ፊቱ ደም መሰለ። «ለአላፊ አግዳሚው ሹፌር ሁሉ መንገድ የምትጠቁሚ ሴት! ሰው ሁሉ ሲጠይቅሽ ስታውቂ ኖረሽ፣ ለኔ ሲሆን አንዲት ጣት አጣሽ?»

«ሹፌሩ ቢሳሳት ይመለሳል» አለች ሚንካ። «አንተ ከዚያ አትመለስም።»

ባርኔጣውን አንስቶ፣ ፎቶውን ይዞ ወጣ። ራሊትሳ ተከተለችው። ሚንካ እዚያው ወይኑ ስር እንደተቀመጠች ቀረች፤ እማማ ፔና ጉልበቷን መታ መታ ያደርጓታል፤ እኔ የወይኑን ቅጠል እቆጥር ነበር። ለወሬ የሚሆን ነገር ተሞልቶ ተትረፍርፎ፣ ማውራት ያስጠላኝ ያን ዕለት ነው።

ዲምቾ ከዚያ በኋላ በሱቁ አግዳሚ በኩል አላለፈም። በሌላው መንገድ ዞሮ ወደ ሱቅ በጓሮ ይገባ ነበር። ሚንካም ከከተማ የሚመጡትን «ዛሬ ዓይኔ ደክሟል» እያለች ትመልሳቸው ጀመር። ቸኮሌት ቀረ። ቤቷ ስሄድ አልጋው ላይ ሻንጣዎቹ ተገልብጠው፣ እሷ በላጲስ የፎቶዎቹን ጀርባ ስታጠፋ አገኘኋት። ሁሉንም አይደለም። አንዳንዱን ትተዋለች፤ አንዳንዱ ላይ ጥያቄ ምልክት ታደርጋለች፤ አንዳንዱን ታጠፋለች።

«ብዙ ነው?» አልኳት።

«ካስኩ ስር የተነገረኝ አለ፤ ራሴ ያየሁት አለ፤ ባዶ ቦታ ስላስጠላኝ ብቻ የሞላሁት አለ» አለችኝ። «ና፣ ብናኙን እፍ በልልኝ።»

አንድ ማለዳ ዲምቾ ብቻውን የከተማውን አውቶቡስ ተሳፈረ። የሆነውን የነገረን ማሪን ነው። ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «ይሄን ተኩስልኝ» አለው።

«የትኛዋን?»

«ሁሉንም።»

«ጋሽ ዲምቾ፣ የመቃብር ሸክላ እንቁላል ነው የሚያክለው። አንድ ፊት ነው የሚይዘው።»

«ትልቅ እንቁላል ሥራ።»

ማሪን የሠራው በመጨረሻ የመጋገሪያ ትሪ የሚያክል ሆነ። ድንጋዩ ሲተከል መንደሩ በሙሉ ለማየት ወጣ። «ዮርዳና» ይላል፤ ከላይ ድልድዩ፣ ድልድዩ ላይ አሥራ ሁለት ሴቶች። ማጉረምረሙ ብዙ ነበር። ከተቀሩት ሴቶች አብዛኞቹ እዚያው መካነ መቃብር ውስጥ የየራሳቸው ድንጋይ አላቸው፤ ልጆቻቸው «እናቴ ሰው መቃብር ላይ ምን ትሠራለች?» አሉ። አንዱማ እናቱ እሱ ባሠራላት ድንጋይ ላይ ጥርስ የሌላት አሮጊት ሆና፣ ዲምቾ ድንጋይ ላይ የሃያ ዓመት ቆንጆ መሆኗ አናዶት ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቷታል። እማማ ፔና በአማቻቸው መኪና መጥተው የተድበሰበሰ ፊታቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «እኔ ስሞት ወጪ አታብዙ፤ እዚህ ተለጥፌያለሁ» አሉ።

ራሊትሳም የዘር ሐረጉ ላይ በዱባው ቦታ የገባውን የእማማ ፔናን ፊት አውጥታ አሥራ ሁለቱን አስገባቻቸው። ክቡ ውስጥ ሩዝ የተበተነ ይመስላሉ።

በመጸው የሙታን ቅዳሜ ደረሰ። እንደ ልማዳችን እያንዳንዱ ለሙታኑ ስንዴ ቀቅሎ፣ ስኳር ነስንሶ፣ ወይን ይዞ ወጣ። ያ ሲያጉረመርም የነበረ ሰው ሁሉ በራሱ መቃብር ከጨረሰ በኋላ፣ ዞር ዞር ብሎ፣ ማንም ያላየው መስሎት፣ ዮርዳና ድንጋይ ላይም አንድ ጭብጥ ንፍሮ አኖረ፤ እናቱ ወይም አያቱ እዚያም አለቻ። ሰባ ዓመት ሙሉ ከልጇ በቀር ጧፍ የሚያበራላት ያልነበራት ሴት፣ መቃብሯ ከሁሉም በላይ በስንዴ ተሞላ። ወፎቹ እስከ ማግስቱ አልተነሡም።

ዲምቾ ድንጋዩ አጠገብ በትንሽ በርጩማ ተቀምጧል። ሚንካ የመካነ መቃብሩ በር አጠገብ ቆማ፣ ልግባ አልግባ ስትል አያት።

«ምን ተገተርሽ?» አላት። «ነይ ብዪ። ይህን ሁሉ ማን ይጨርሰዋል?»

መጥታ ድንጋዩ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አብረው ንፍሮ ቃሙ። ከቫርና ለዘመዶቿ የመጣች አንዲት ወጣት ድንጋዩ ፊት ቆማ ስልኳን አውጥታ ነበር።

«የትኛዋ ናት ዮርዳና?» አለች።

ሁላችንም ሚንካን አየናት።

«አላውቅም» አለች ሚንካ፤ አሁን ለምላሷ ቀለል ብሎላታል። ከዚያ ግን መልስ ሳትሰጥ ሰው መመለስ ስለማይሆንላት፣ «ከሁለቱ አንዷ» ብላ ጨመረች።

«ታዲያ እርስዎ አይጨንቅዎትም?» አለችው ልጅቷ ዲምቾን። «የትኛዋ እናትዎ እንደሆነች ሳያውቁ?»

ዲምቾ የጣቱን ስኳር ላሰ።

«እዚያ ስደርስ» አለ፣ «አሥራ ሁለቱም ተሰልፈው ይቆማሉ። እኔ ዝም ብዬ በፊታቸው አልፋለሁ። የምትቆነጥጠኝ እሷ ናት።»

ሚንካ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋችለት።